ጎተራ ወይስ ዘመቻ? የኮምፒዩተር ነገሥታት ክርክር

በተራ የሚካሄዱ የሥልጣኔ ግንባታ ጨዋታዎች የሚባሉት፣ አንድ ሰው በኮምፒዩተር ላይ የአንድን ሕዝብ መሪነት ይዞ ከመጀመሪያዋ መንደር አንሥቶ ከተማ እየቆረቆረ፣ እርሻ እያስፋፋ፣ ጽሕፈትንና ብረትን እያስገኘ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር እየነገደ ወይም እየተዋጋ እስከ ዘመናችን የሚዘልቅባቸው ናቸው። «በተራ» መባላቸው፣ የእጅና የዐይን ፍጥነት ከሚወስንባቸው የኳስና የተኩስ ጌሞች በተለየ፣ ተጫዋቹ ያሰበውን ሁሉ አዝዞ ተራውን እስኪያስረክብ ድረስ ዓለሙ ባለበት ስለሚቆም ነው፤ በዚህም ምክንያት ተጫዋቹ ለማሰብ፣ ከጓደኛው ጋር ለመማከር፣ ቢፈልግም ቡና ጠጥቶ ለመመለስ ጊዜ አለው። ከእነዚህ ሁሉ ስመ ጥሩ «ሲቪላይዜሽን» ሲሆን፣ ሲድ ማየርና ብሩስ ሼሊ ነድፈውት ማይክሮፕሮዝ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1991 እ.ኤ.አ. አወጣው፤ ሰባተኛው ዋና እትም ደግሞ በ2025 እ.ኤ.አ. ለገበያ ቀርቧል። በአዲስ አበባ የፕሌይስቴሽን ቤቶች የሚበዛው የኳስ ጨዋታ ነው፤ አንድ ዙሩ ብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴም ቀናት የሚወስደው የሥልጣኔ ጨዋታ በሰዓት ለሚከፈልበት ቤት የሚመች አይደለም፤ ስለዚህም በየቤቱ የራሱ ኮምፒዩተር ያለው ሰው ጨዋታ ሆኖ ቆይቷል።

ጨዋታው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4000 ዓመት፣ «ሰፋሪ» ሊባል በሚችል አንድ ቡድንና በጭጋግ በተሸፈነ ካርታ ይጀምራል፤ ጭጋጉ ተጫዋቹ ገና ያልደረሰበትን ምድር የሚሸፍን ሲሆን፣ የሚገለጠው ሰው እየላኩ በማሰስ ነው። ሰፋሪው ከተማ ሲቆረቁር፣ ከተማዋ በዙሪያዋ ካለው መሬት እህል፣ የሥራ ጉልበትና ገንዘብ ትሰበስባለች። ከሦስቱ የሚቀድመው እህል ነው። በአብዛኞቹ እትሞች አንድ ነዋሪ በየተራው ሁለት መስፈሪያ እህል ይበላል፤ ከዚያ የተረፈው ይጠራቀምና መጠኑ ሲሞላ ከተማዋ አንድ ነዋሪ ትጨምራለች፤ አዲሱ ነዋሪ ሌላ ማሳ ያርሳል፣ ነገር ግን እርሱም የራሱን ሁለት መስፈሪያ ይፈልጋል። በቀደሙት እትሞች ጎተራ የሠራች ከተማ ነዋሪ በጨመረች ቁጥር ካጠራቀመችው እህል ግማሹ ሲቀርላት፣ ጎተራ የሌላት ከባዶ ትጀምር ነበር። ይህ ትንሽ የሚመስል ልዩነት ከመቶ ተራ በኋላ አንዱን መንግሥት ከሌላው እጥፍ ሊያደርገው ስለሚችል፣ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ስለ ስልት ሲወያዩ ወሬያቸው ከመድፍና ከፈረሰኛ ይልቅ ስለ ወንዝ ዳር፣ ስለ ስንዴ ማሳና ስለ ጎተራ መሆኑ ለአዲስ ሰው የሚያስገርም ነው።

ክርክሩ የሚጦፈው እህሉ በሚወጣበት ጊዜ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣው በስድስተኛው እትም አዲስ ከተማ የሚቆረቁር ሰፋሪ የምታወጣ ከተማ ከነዋሪዎቿ አንዱን ትከፍላለች፤ በአምስተኛው እትም ደግሞ ሰፋሪው ተዘጋጅቶ እስኪወጣ ድረስ የከተማዋ ዕድገት ይቆማል። ስለዚህ መስፋፋት ማለት የተጠራቀመ እህልን አውጥቶ ወደማይታወቅ ምድር መላክ ማለት ሲሆን፣ ተጫዋቾች በዚህ ነገር ላይ በሁለት ወገን ተከፍለው ኖረዋል፤ አንዱ ወገን ጥቂት ከተሞችን በሕዝብና በዕውቀት ማሳደግ ይሻላል ሲል፣ ሌላው ደግሞ ትንንሽም ቢሆኑ ከተሞች በበዙ ቁጥር መሬቱም ገቢውም ይበልጣል ይላል። ሦስተኛ አሳብ ያላቸውም አሉ፤ እነዚህ ሁለቱንም ትተው የመጀመሪያውን ትርፍ በሙሉ ለጦር አውለው፣ ጎረቤት ገና ሳይጠነክር ከተሞቹን መቀማትን ይመክራሉ። ሦስቱም የሚመልሱት አንድ ጥያቄ ነው፦ የተጠራቀመው ነገር እስከ መቼ ይጠራቀም? ቀድሞ ያወጣው ሰው ደካማ ሆኖ ይወጣል፤ ያቆየው ሰው ደግሞ ጎተራው ሞልቶ ሳለ ድንበሩን ሌላ ይዞት ያገኘዋል። ስለ ድንቅ ሕንፃዎች፣ ስለ ሃይማኖትና ስለ ዲፕሎማሲ የሚደረገው ውይይት ብዙ ቢሆንም፣ አብዛኛው ከዚህ ጥያቄ የሚመነጭ ዝርዝር ነው።

ይህ ጥያቄ ከኮምፒዩተር ውጭ በየቀኑ የሚመለስበት ቦታ በአዲስ አበባ አለ። መርካቶ፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የከተማዋን ዋና ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ አዛውረው የመሠረቱት ሲሆን፣ በውስጡ የእህል ንግዱ የተሰበሰበበት ሠፈር እህል በረንዳ ይባላል። ከጎጃም፣ ከሸዋና ከአርሲ የሚመጡ የጭነት መኪኖች ጤፉን፣ ስንዴውን፣ በቆሎውንና ጥራጥሬውን ያራግፋሉ፤ ጫኝና አውራጁ ኩንታሉን በጀርባው ያመላልሳል፤ ገዢው ከጆንያው ጥቂት ዘግኖ በመዳፉ ላይ እየበተነ ማኛው ማኛ መሆኑን፣ ነጩ ከሰርገኛ አለመቀላቀሉን ይመረምራል። የዚህ ንግድ ትልቁ ውሳኔ መቼ መሸጥ ነው። አዝመራ በሚሰበሰብባቸው ወራት ገበሬው ግብሩንና ዕዳውን ለመክፈል ወደ ገበያ ስለሚያወጣ ዋጋው ዝቅ ይላል፤ ክረምቱ ገብቶ አዲሱ እህል ሳይደርስ ደግሞ ይወደዳል፤ በዚህ መካከል ያለውን ጊዜ መጠበቅ የሚችል ነጋዴ ያተርፋል፣ መጠበቅ የማይችለው ደግሞ የሌላውን ትርፍ ይሠራል።

መጠበቅ ግን እንደ እህሉ ዓይነት ይለያያል። ጤፍ ቅንጣቱ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ የማይደፍረውና ለዓመታት ሊቀመጥ የሚችል ሲሆን፣ በቆሎ ግን በአጭር ጊዜ ይነቅዛል፤ ስለዚህ ጤፍ የያዘና በቆሎ የያዘ ነጋዴ አንድ ዓይነት ትዕግሥት ሊኖራቸው አይችልም። በኮምፒዩተሩ ጨዋታ ውስጥ እህል ሁሉ አንድ ነው፤ ሩዙም፣ ስንዴውም፣ ዓሣውም ወደ አንድ ቁጥር ይለወጣል፤ ያም ቁጥር አይነቅዝም፣ አይሻግትም፣ በአይጥ አይበላም። የጨዋታው ነዳፊዎች ይህን የተዉት ባለማወቅ ሳይሆን ሒሳቡ እንዳይወሳሰብ ብለው እንደሆነ መገመት ይቻላል፤ ቢሆንም ከዚህ የተነሣ ጨዋታው ለሚያጠራቅም ሰው ከእውነተኛው ዓለም ይልቅ ቸር ሆኗል።

ከነቀዙ የሚበልጠው የጨዋታው ጉድለት ግን ስለ ወሬ ነው። ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን በ2001 እ.ኤ.አ. በታተመው የኢትዮጵያን የእህል ገበያ በመረመረው ጥናታቸው የአዲስ አበባ ደላሎችን ሥራ በሰፊው አሳይተዋል፤ ደረጃው በይፋ ያልተመደበ እህል ከሩቅ በሚመጣበት፣ ውል ቢፈርስ በፍርድ ቤት ማስከበር አድካሚ በሆነበት ገበያ፣ የክፍለ ሀገር ነጋዴ ፊቱን አይቶት ከማያውቀው ገዢ ጋር የሚገናኘው ለብዙ ጊዜ በሚያውቀውና በሚያምነው ደላላ በኩል ነው። ደላላው ከየት ምን ያህል እህል እንደገባ፣ ማን ገንዘብ እንደያዘና ማን በዱቤ እንደሚገዛ ያውቃል፤ የሚከፈለውም ለዚህ ዕውቀቱና ለተአማኒነቱ ነው። እኚሁ ምሁር በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲመሠርቱ የታሰበው እህል በናሙናና በደረጃ ተመዝኖ፣ ዋጋው ለሁሉም በአንድ ጊዜ እየታየ እንዲሸጥ ነበር፤ ገበያው ግን በዋናነት የቡናና የሰሊጥ መገበያያ ሆነ፣ የጤፉ ንግድም በአመዛኙ በቆየው መንገድ ቀጠለ።

ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የጨዋታው ንግድ ንጹሕ ነው። በአምስተኛው እትም ላይ በ2013 እ.ኤ.አ. በተጨመረው ክፍል ጎተራ ያላት ከተማ እህሏን በቅፍለት ወደ እኅት ከተማዋ መላክ ትችላለች፤ ቅፍለቱ በሽፍታ ካልተዘረፈ የተላከው ሁሉ ሳይጎድል ይደርሳል፣ ማን ምን እንዳለው ለማወቅም መስኮት መክፈት ይበቃል። ደላላ አያስፈልግም፤ ምክንያቱም የሚጠረጠር ሰው የለም። ነገሩ የሚለወጠው ጨዋታው በሰዎች መካከል ሲሆን ነው፦ ያኔ «ወርቅ ላክልኝ፣ ድንበርህን አልነካም» የሚል ቃል ይሰጣል፤ ቃሉን የሚያስከብር ዳኛ ግን የለም፤ ስለዚህ ተጫዋቾች ከጨዋታው ውጭ እየተነጋገሩ ማን ቃሉን እንደሚጠብቅ፣ ማን ባለፈው ጊዜ እንደካደ ማስታወስ ይጀምራሉ። በእህል በረንዳ ለትውልድ የተከማቸው ዓይነት ዝና በዚህ መንገድ በትንሹ እንደገና ይፈጠራል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ኢትዮጵያ በዚህ ጨዋታ ውስጥ እንግዳ አይደለችም። በ2007 እ.ኤ.አ. በአራተኛው እትም ተጨማሪ ክፍል በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መሪነት ገባች፤ በ2012 እ.ኤ.አ. በአምስተኛው እትም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. በስድስተኛው ደግሞ በዳግማዊ ምኒልክ ተወክላለች፤ በሰባተኛው እትም ተራው የአክሱም ሆኗል። እያንዳንዱ ሥልጣኔ ከሌላው የሚለይበት ጥቅም ይሰጠዋል፤ ተጫዋቾችም ስልታቸውን የሚያበጁት በዚያ ጥቅም ዙሪያ ነው። በስድስተኛው እትም በምኒልክ የሚጫወት ሰው ከተሞቹን በኮረብታ ላይ እንዲቆረቁር ይመከራል፤ በኮረብታ ላይ ያሉ ከተሞች ከሃይማኖት ገቢያቸው ላይ ዕውቀትና ባህል ያገኛሉ፣ ወታደሮቹም በኮረብታ ላይ ሲዋጉ ይበረታሉ፣ ከዐለት የሚፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ተራራና ኮረብታ በከበበው ቁጥር ያብባል። ለደጋው ሰው ይህ ደስ የሚል ነው። የኦሮሞ ፈረሰኛ ግን በመካከለኛው ዘመን ተመድቦ፣ በዐድዋ ዘመን ጊዜው ያለፈበት ሆኖ መገኘቱ ታሪክ ለሚያነብ ሰው የሚዋጥ አይደለም። ከሁሉ የሚደንቀው ደግሞ መሪዎቹ በዐማርኛ እየተናገሩ፣ የጨዋታው ጽሑፍ ግን በዐማርኛ አለመቅረቡ ነው።

ለክርክር የሚመቸው የ2012ቱ ነው። በዚያ እትም የኢትዮጵያ ልዩ ጥቅም «የዐድዋ መንፈስ» ተብሎ፣ ከእርሷ የበለጠ ብዛት ያላቸው ከተሞች ካሉት ጠላት ጋር ስትዋጋ ወታደሮቿ 20 በመቶ ተጨማሪ ኃይል ያገኛሉ፤ በጠመንጃው ዘመን የሚመጣው «መሐል ሰፋሪ» ደግሞ ለዋና ከተማው በቀረበ መጠን ይበረታል። ዐድዋ ሲሆን ገና አራት ዓመት ያልሞላቸው ኃይለ ሥላሴ የዚህ ጥቅም ባለቤት መሆናቸውን አንባቢ ይታዘበው፤ ዋናው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ደንቡ ተጫዋቹን ጥቂት ከተሞች ይዞ በጎተራው አጠገብ እንዲቀመጥና ትልቁ ጠላት እስኪመጣ እንዲጠብቅ ይገፋፋዋል፤ የተጫዋቾችም ምክር ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው፦ ሦስት ወይም አራት ከተማ፣ ብዙ ሕዝብ፣ ቀደም ብሎ የተገነባ ሐውልትና ሃይማኖት፣ ከዚያም መከላከል።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የሆነው ከዚህ ጋር የሚመሳሰለው በግማሹ ብቻ ነው። ምኒልክ በመስከረም ክተት ብለው ከብዙ ግዛቶች ያሰባሰቡትና ከ100,000 በላይ እንደሚሆን የሚገመተው ሠራዊት ከአዲስ አበባ እስከ ትግራይ ድረስ በእግሩ የተጓዘ ነበር፤ ከመናገሻ ከተማ በራቀ ቁጥር መድከም ቢኖርበት ኖሮ ከአምባላጌ ባላለፈም ነበር። ዘመቻው የተነሣው ደግሞ ሀገሪቱ «ክፉ ቀን» ከሚባለው፣ የከብት ዕልቂትና ድርቅ ከተደራረቡበት ረኀብ ከወጣች ጥቂት ዓመታት ብቻ ካለፉ በኋላ ነው። በመቀሌ ምሽግ በተደረገው ከበባ ዕቴጌ ጣይቱ የውኃው ምንጭ እንዲያዝ ማስደረጋቸው ይታወቃል፤ በምሽጉ ውስጥ የነበረው የጣሊያን ጦርም በጥር ወር ለቅቆ ወጣ። ከዚያ በኋላ ግን ሁለቱ ሠራዊቶች በዐድዋ አካባቢ ለሳምንታት ተፋጥጠው ሲቀመጡ፣ ውጊያውን የሚወስነው ማን ቀድሞ ስንቅ እንደሚያልቅበት ሆነ። የምኒልክ ሠራዊት በዙሪያው ያለውን አገር እህል በልቶ ጨርሶ ነበርና ብዙ መቆየት አይችልም ነበር፤ ወደ 17,000 ወታደሮች የነበሩት የጣሊያኑ ጄኔራል ባራቲየሪም የቀረው ስንቅ የጥቂት ቀናት ብቻ ነበር።

ባራቲየሪ አራት የብርጌድ አዛዦቹን፣ አሪሞንዲን፣ አልበርቶኔን፣ ዳቦርሚዳንና ኤሌናን ሰብስቦ ወደ ኋላ መመለስን በአሳብነት ሲያቀርብላቸው፣ አዛዦቹ ማፈግፈግን እንደ ውርደት ቆጥረው ማጥቃትን መረጡ፤ ከሮማም የጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ ነቀፋ በቴሌግራም ይደርሰው ስለ ነበር ምክራቸውን ተቀበለ። ጥቂት ቀን ቢታገሥ ኖሮ ከፊቱ ያለው ሠራዊት በረኀብ ሊበተን ይችል እንደ ነበር ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። በጨዋታው ውስጥ ወታደር በየተራው ገንዘብ ያስከፍላል እንጂ በጠላት አገር እየተራበ አይሟሟም፤ ስለዚህ ይህን የመሰለ ፍጥጫ፣ ሁለቱም ወገን የጎተራቸውን ታች እያዩ ማን ቀድሞ ይነቃነቃል እያሉ የሚጠባበቁበት፣ በሲቪላይዜሽን ሊፈጠር አይችልም። ለ20 በመቶው ጥቅም «ዐድዋ» የሚል ስም ከመስጠት ይልቅ ለስንቅ የሚሆን ደንብ ቢፈጠር ለታሪኩም ለስልቱም ይሻል ነበር።

ስለ ጨዋታ ስልት የሚደረገው ውይይት በዚህ አገር ከኮምፒዩተር እጅግ ይቀድማል። የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ፣ በመሳፍንቱና በነገሥታቱ አደባባይ ለዘመናት የኖረው የቼዝ ወንድም፣ በንጉሥ፣ በፈርዝ፣ በፈረስ፣ በመደቅና በሌሎችም ጠጠሮች የሚካሄድ ሲሆን፣ ሰሌዳው ጥቁርና ነጭ ሆኖ ሳይሆን በጨርቅ ላይ በመስመር ብቻ ይከፈል ነበር። ከሌሎች የቼዝ ዓይነቶች የሚለየው አጀማመሩ ነው። «ወረራ» በሚባለው በመጀመሪያው ክፍል ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ፣ እንደ ፈቀደ እያንቀሳቀሰና እያስተካከለ ጦሩን ያደራጃል፤ ተራ የሚጀምረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። የሥልጣኔ ጨዋታዎች ነዳፊዎች ብዙ ሰው በአንድነት ሲጫወት ተራ መጠበቅ ስላሰለቸ መፍትሔ ሲፈልጉ የደረሱበት ደንብ ከዚህ ጋር መመሳሰሉ አስገራሚ ነው፤ በአምስተኛውና በስድስተኛው እትም ሊመረጥ በሚችለው በዚህ ደንብ ሰላም እስካለ ድረስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያዝዛሉ፣ ጦርነት የገጠሙት ግን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ተራ በተራ ይንቀሳቀሳሉ። አንዱ ከሌላው ወስዷል ለማለት ምንም ማስረጃ የለም፤ ይሁንና ሁለቱም ማደራጀትና መዋጋት የተለያየ የጊዜ ሥርዓት እንደሚሹ ተገንዝበዋል። በእህል በረንዳም ቢሆን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል፤ ተራ የሚያዘው ለሚዛኑ ብቻ ነው።

በ1805 እ.ኤ.አ. ከሄንሪ ሳልት ጋር ወደ ትግራይ የመጡ እንግሊዞች የግዛቱን ገዥ የራስ ወልደ ሥላሴን የሰንጠረዥ ጨዋታ ተመልክተው፣ ጨዋታው በብዙ ጩኸት እንደሚካሄድ፣ በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ፣ ባሮችም ጭምር፣ አሳብ እንደሚሰጥና የተሻለውን አካሄድ ለማሳየት ጠጠሩን በእጁ እስከ ማንሣት እንደሚደርስ ጽፈዋል። በጸጥታ ለሚጫወት አውሮፓዊ ይህ ሥርዓት አልባነት መስሎት ይሆናል፤ የስልት ውይይትን ለሚያውቅ ሰው ግን ጨዋታው የሁለት ሰው ሳይሆን የአደባባዩ ሁሉ እንደ ነበረ ያሳያል። እነዚሁ ተጓዦች አንድ ነገር አክለዋል፤ ይህ ሁሉ ምክርና ጩኸት እያለ፣ በመጨረሻ ራስ ወልደ ሥላሴ እንዲያሸንፉ ሁልጊዜ በብልሃት ይመቻችላቸው ነበር።

የኮምፒዩተሩም ጨዋታ ከዚህ ልማድ የራቀ አይደለም። ሲድ ማየር በ2010 እ.ኤ.አ. ለጨዋታ ሠሪዎች ባደረገው ንግግር እንደ ገለጸው፣ ተጫዋቾች ሦስት ለአንድ ብልጫ አለህ ተብለው ሲሸነፉ ተጭበረበርን ስለሚሉ፣ ነዳፊዎቹ ዕድሉን ለሰው እንዲያደላ አስተካክለውታል። በዝቅተኞቹ የክብደት ደረጃዎችም ኮምፒዩተሩ ለሰው ያደላል፤ እዚያ ሲያሸንፍ የኖረ ሰው ስለ ጎተራና ስለ ሰፋሪ የሚሰጠው ምክር እንደ ራሱ ድል ሁሉ በጥርጣሬ ሊታይ ይገባል። በስድስተኛው እትም ትልቁ ደረጃ ግን አድልዎው ይገለበጣል፤ ሰው በአንድ ሰፋሪ ሲጀምር የኮምፒዩተሩ መንግሥታት እያንዳንዳቸው በሦስት ሰፋሪ ይጀምራሉ፣ እህላቸውን ሳያወጡም ሦስት ከተማ ይቆረቁራሉ። በዚህ ደረጃ የሚጫወቱ ሰዎች ክርክር ስለዚህ ወደ መጀመሪያዎቹ ጥቂት ተራዎች ይጠባል፤ አንዳንዶቹ ከመጀመሪያው የእህል ትርፍ ሰፋሪ ይውጣ ሲሉ፣ ሌሎቹ አስቀድመው ቀስተኞችን አውጥተው የጎረቤቱን ሦስተኛ ከተማ መቀማትን ይመርጣሉ።